መርዙን መድኃኒት እያልን እስከ መቼ?

ሰሞኑን እዚሁ ኖርክሮስ አንድ ወዳጃችን ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ተጠርተን ሄደን ነበር። ከምሳ በኋላ ቡናው እየፈላ ሳለ ጨዋታው እንደ ልማዱ ወደ አገር ቤት ዞረና የወባ ነገር ተነሣ። በ2024 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከዓመቱ መግቢያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበ አንዱ አወሳ። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ይህን ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜ ታላቅ የሆኑት ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ "ይኸ ሁሉ የመጣው ዲዲቲን ስለከለከሉን ነው። ፈረንጆቹ በዲዲቲ ወባቸውን አጠፉ፤ ከዚያ በኋላ ለወፍና ለዓሣ አዘኑና እኛን ለትንኝ ሰጡን" አሉ። አንድ ጎልማሳም ቀበል አድርጎ፣ "የባሕር አንበሳ ስለታመመ የኛ ልጅ ይሙት ነው የሚሉት" ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ዝም አልኩ። ታላቅን በሰው ቤት፣ በክርስትና ድግስ ላይ መሟገት ነውር ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሆኖም ይህ ንግግር የጋሼ ብቻ አይደለም። በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየቡናው የሚደገም ነው። የተማረውም ያልተማረውም ይናገረዋል። እኔ ደግሞ ይህ ንግግር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ብዙ ልጆቻችንን የሚጎዳ ስሕተት ነው እላለሁ። ስለዚህ በዚያን ዕለት የዋጥኩትን መልስ በዚህ ገጽ ላይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና በቅድሚያ የጋሼን እውነት ልቀበል። አሜሪካ ወባን ያባረረችው ከሌሎች ዘዴዎች ጋር በዲዲቲ ጭምር ነው። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከኖርክሮስ በመኪና ብዙ የማያስኬደው፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ ሲዲሲ ብሎ የሚያውቀው መሥሪያ ቤት አትላንታ ላይ የተተከለው በወባ ምክንያት ነው። በ1942 ለጦርነቱ ጊዜ የወባ መቆጣጠሪያ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1946 የተላላፊ በሽታዎች ማእከል ተባለ። መቀመጫው ዋሽንግተን ያልሆነበት ምክንያት ወባው የነበረው በደቡቡ ክፍል፣ በዚሁ በጆርጂያና በጎረቤቶቿ ስለነበር ነው። ከ1947 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከክፍላተ ሀገሩ ጤና ሠራተኞች ጋር ሆነው የገበሬውን ቤት በዲዲቲ ረጩ። እስከ 1949 መጨረሻ ድረስ ከ4 ሚሊዮን 6 መቶ ሺህ በላይ የቤት ርጭት ተካሂዷል። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያገኘው የስዊሱ ኬሚስት ፓውል ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ስለዚህ ዲዲቲ ሰው አድኗል። ይህን የሚክድ ሰው ታሪክ አያውቅም።

ታዲያ ፈረንጆቹ በ1972 ለምን ከለከሉት? ለወፍ ስላዘኑ ብቻ ነውን? እዚህ ላይ ነው ያ የተሳቀበት የባሕር አንበሳ የሚመጣው።

በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ሳን ሚጌል በምትባል ደሴት ላይ የባሕር አንበሶች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ይወልዳሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱና ወዲያው የሚሞቱ ግልገሎች በረከቱ። ተመራማሪዎች ያስወረዱትን እናቶችና በጊዜያቸው የወለዱትን ወስደው ስባቸውን መረመሩ። ያስወረዱት እናቶች በስባቸው ውስጥ የያዙት ዲዲቲ በደኅና ከወለዱት ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሽታም አብሮ ስለነበረ ጥፋቱ ሁሉ የዲዲቲ ብቻ ነው ለማለት ባይደፍሩም፣ መርዙ ከየት እንደ መጣ ግን የሚያጠራጥር አልነበረም። በሎስ አንጀለስ አጠገብ ሞንትሮዝ የተባለ ኩባንያ ከ1947 እስከ 1982 ዲዲቲ ያመርት ነበር። ቆሻሻውን በፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ወደ ባሕር ሲለቀው ኖሯል። እነዚያ እንስሳት አንድም ቀን ማንም ዲዲቲ አልረጨባቸውም። የበሉት ዓሣ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በቀላሉ ላስረዳ። ዲዲቲና መሰሎቹ ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛ፣ ቶሎ አይበሰብሱም። ፀሐይና ዝናብ፣ አፈርና ተሐዋስያን ሌላውን መርዝ በቀናት ወይም በሳምንታት ሲያፈርሱት እነዚህ ግን ለዓመታት ይቆያሉ። ሁለተኛ፣ ውሃ አይወዱም፤ ስብ ይወዳሉ። ወደ ሰውነት ሲገቡ በሽንት በቀላሉ አይወጡም፤ ጮማው ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ስብም የያዘውን ዲዲቲ አይለቅም። እንግዲህ በሐይቅ ውስጥ ዓይን የማያያት ደቃቅ ተክል ጥቂት ትይዛለች። ትንሿ ዓሣ ያቺን ተክል በብዙ ትበላለች፤ የብዙውን ታከማቻለች። ትልቁ ዓሣ ብዙ ትናንሽ ዓሦችን ይበላል፤ የሁሉንም ይወርሳል። ከሁሉም በላይ ያለው፣ ትልቁን ዓሣ የሚበላው፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖረውና ስብ የበዛበት እንስሳ የሁሉን ዕዳ ይሸከማል። በባሕር ዳርቻ ይህ ባለዕዳ ሲልና የባሕር አንበሳ፣ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ነው። እናቲቱ ሸክሟን የምታራግፍበት ዋናው መንገድ ወተቷ ነው። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ወንድ ዶልፊን ከሴቷ ይልቅ መርዝ ይበዛበታል። የሴቷን ደግሞ የሚቀበለው ከሁሉ በፊት የበኩር ልጇ ነው።

ይህ የካሊፎርኒያ ወሬ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ ራሳችን ክፍለ ሀገር ልመልሰው። ከዚህ ተነሥተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አምስት ሰዓት ያህል ብንነዳ ብራንስዊክ የምትባል የጆርጂያ የወደብ ከተማ እንደርሳለን። በዚያች ከተማ በ1994 የተዘጋ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ነበር። ሜርኩሪና ፒሲቢ የተባለውን፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ያገለግል የነበረውን የዲዲቲ ዘመድ፣ በረግረጉ ላይ ትቶ ሄደ። በ1996 የፌዴራሉ መንግሥት ቦታውን በአስቸኳይ መጽዳት ከሚገባቸው መካከል መዘገበው። በ2009 ተመራማሪዎች በዚያ ባሕር ያሉ ዶልፊኖችን ይዘው ሲመረምሩ ያገኙት የፒሲቢ መጠን በዶልፊን ላይ ከዚያ በፊት ከታዩት ሁሉ እጅግ ከፍተኞቹ መካከል ሆነ። እንስሳቱ ደማቸው አንሶ፣ የእንቅርት ዕጢያቸው ደክሞ፣ በሽታን የመከላከል ኃይላቸው ተዳክሞ ተገኙ። ከፋብሪካው ርቀው በሳፔሎ ደሴት አካባቢ የሚኖሩት ዶልፊኖች እንኳ ያንኑ የፋብሪካውን ልዩ ዓይነት ፒሲቢ ተሸክመው ነበር። በዚያች ደሴት የሚኖሩት የባሪያ ልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ዘመናቸውን ሁሉ ከዚያ ባሕር ዓሣ እያወጡ የሚበሉ ናቸው። ዶልፊኑ በታመመበት ባሕር አጠገብ፣ ያንኑ ዓሣ የሚበላ ሰው አለ ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ ጆርጂያ በሮም ከተማ የሚያልፈው የኩሳ ወንዝም በትራንስፎርመር ፋብሪካ ፒሲቢ ተበክሎ፣ ፋብሪካው ፒሲቢ መጠቀም ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ዓሣው በገደብ የሚበላ ሆኗል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የባሕር አንበሳም የላትም። በዝዋይ፣ በቆቃ፣ በሐዋሳ ሐይቆች ከሁሉ በላይ ተቀምጦ ትልቁን ዓሣ የሚበላው ማን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛው ነን። የዝዋይ የባሕር አንበሳ ሰው ነው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የተሠራ ጥናት ስላለ ነው። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ተመራማሪዎች በቆቃ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ዓሦችን እየያዙ መርምረዋል። በሁሉም ቦታ ዲዲቲና ከዲዲቲ የሚወጣው ዲዲኢ ተገኝቷል። አረንጓዴ እየበላ የሚኖረው ቆሮሶ ያለው ጥቂት ሲሆን፣ ሌላውን ዓሣ የሚበሉት ቢልጫና አምባዛ የበለጠ ተሸክመዋል። ልክ እንደ ካሊፎርኒያው፣ መሰላሉ ከፍ ባለ ቁጥር መርዙ ይጨምራል ማለት ነው።

የዓሣው ነገር ይቅር፣ እኔ ዓሣ አልበላም የሚል ይኖራል። የጅማውን ጥናት ልንገረው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በጅማ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ ከተሞች የእናቶችን የጡት ወተትና የላም ወተት መረመረ። ዲዲቲ ከሁለቱም ተገኘ። በተወለደ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያለ ሕፃን ከእናቱ ጡት በየቀኑ የሚጠባው ዲዲቲ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከፈቀዱት ልክ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። በወተቱ ውስጥ ያልተለወጠው ዲዲቲ ብዛት ደግሞ መርዙ የድሮ ትርፍራፊ ብቻ ሳይሆን አዲስ የተረጨ እንደሚገኝበት የሚያመለክት ነበር። (ይህን የሚያነቡ እናቶች ጡት ማጥባት እንዳያቆሙ አደራ እላለሁ። የጡት ወተት ጥቅሙ ከዚህ ሁሉ ጉዳት እንደሚበልጥ ሐኪሞች የሚስማሙበት ነው። የሚወቀሰው ወተቱ ሳይሆን ወተቱ ውስጥ የገባው ነው።)

ታዲያ ይህ ዲዲቲ ከየት መጣ? ከፊሉ ለወባ ከተረጨው ቤት ነው። ከፊሉ ግን ከማሳው ነው፣ ከጎተራው ነው፣ ከጫቱ ነው። ዲዲቲ ለወባ ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ከወባ መጋዘን እየወጣ፣ በገበያ እየተቸረቸረ ጫት ላይ፣ ጤፍና በቆሎ ላይ ሲረጭ ኖሯል። በ2011 የወጣ ጥናት ከተለያዩ ቦታዎች በተሰበሰበ ስንዴና ጫት ላይ ዲዲቲ አግኝቷል። በጅማ ዞን በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በበርበሬና በቡና ላይም ተገኝቷል።

እኔ ያደግሁት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የወባ ሠራተኞች መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲመጡ ልጆች ሁሉ እየተከተልን እንጨፍር ነበር። ግድግዳው ነጭ እስኪሆን ይረጫል። ትኋኑ ይረግፋል፣ ቁንጫው ይጠፋል፤ እናቶቻችን ይመርቃሉ። ከርጭቱ የተረፈውን ዱቄት ግን የሚጥለው ሰው አልነበረም። እናቴ ለራሳችን ቅማል ትነሰንስልን ነበር፤ ሻሽ አስራም ታሳድረናለች። ለጎተራው ነቀዝም ትነሰንሳለች። ባዶው ቆርቆሮ ታጥቦ የዘይት ዕቃ ይሆናል። ስሙን ስንጠራው "መድኃኒት" እንል ነበር። "መድኃኒቱን አምጣ"፣ "መድኃኒት ተረጭቷል"። እስከ ዛሬም ገበሬው የሚለው ይህንኑ ነው። የተባይ መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት።

የክፋቱ ሁሉ ሥር ይኸው ቃል ይመስለኛል። መድኃኒት ያልነውን ነገር አንፈራውም። መድኃኒት ከሆነ ብዙ ቢሆን የበለጠ ያድናል። መድኃኒት ከሆነ በእጅ ይነካል፣ በቤት ይቀመጣል፣ ልጅ ይላክበታል። መርዝ ብንለው ኖሮ እናቴ በራሴ ላይ ትነሰንሰው ነበርን? ቋንቋችን ሀብታም ነው፤ መርዝ የሚል ቃል አላነሰውም። በስሙ እንጥራው።

አሁን ወደ ጋሼ ክርክር ልመለስ። መልሴን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ "ዲዲቲን ለወባ ከለከሉን" የሚለው እውነት አይደለም። በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው፣ ኢትዮጵያም በ2003 ያጸደቀችው ስምምነት ዲዲቲን ለእርሻ ይከለክላል፤ በሽታ አስተላላፊ ትንኝን ለመከላከል ግን ሌላ አማራጭ በሌለበት እንዲሠራበት በግልጽ ይፈቅዳል። አገራችንም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአምሳ ዓመት ያህል ረጭታዋለች። አዳሚ ቱሉ ያለው የፀረ ተባይ ፋብሪካችን ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላም ዲዲቲን ሲያዘጋጅ ነበር። ከ2009 እና ከ2010 ገደማ ጀምሮ የተተወው ፈረንጅ ስለተቆጣ ሳይሆን ትንኟ ስለለመደችው ነው። በአገራችን ወባን የምታስተላልፈው ዋነኛዋ ትንኝ ዲዲቲ በተረጨበት ግድግዳ ላይ ተቀምጣ በደኅና መነሣት ጀመረች። ታዲያ ትንኟን ማን አለማመዳት? ሐኪሙ ብቻ ነውን? በየማሳው፣ በየጫቱ እርሻ የተረጨው መርዝ ሁሉ ወደ ትንኟ መራቢያ ውሃ ይወርዳል። የማሳው ርጭት ትንኝን ከሚያለማምዱት አንዱ ነው። ስለዚህ ዲዲቲ ለወባ ያስፈልጋል ብሎ የሚሟገት ሰው ከማንም በላይ ሊቆጣ የሚገባው ዲዲቲን ለነቀዝና ለጫት ባዋለው ላይ ነው። ያለንን መሣሪያ ያደነዝነው እኛው ነን።

ሁለተኛ፣ "እነሱ ተጠቅመው ሲያበቁ" የሚለው። እውነት ነው ተጠቅመዋል። ዋጋውን ግን ዛሬም እየከፈሉ ነው። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ አካባቢ በ1960ዎቹ ከነፍሰ ጡር እናቶች የተወሰደ ደም ተቀምጦ ነበር። በ2015 የወጣው ውጤት፣ በእርግዝናቸው ጊዜ በደማቸው ብዙ ዲዲቲ የነበረባቸው እናቶች የወለዷቸው ሴቶች ልጆች በጡት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ አራት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ዲዲቲን በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ተርታ አስገባው። እናት በሃያ ዓመቷ የነካችው ልጇን በአምሳ ዓመቷ ያገኛታል። ጎረቤት በገደል ቢወድቅ "እሱ ወድቆ አይቶታል፣ እኔስ ለምን ይቅርብኝ" ይባላልን? አሜሪካን ልንወቅስበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የስቶክሆልምን ስምምነት በ2001 ፈርማ እስከ ዛሬ ድረስ አላጸደቀችም። ድሃዋ ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን ሀብታሟ አሜሪካ አላጸደቀችም። መራጭ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ቁጭታችሁን ለዚህ አውሉት።

ሦስተኛ፣ "ገበሬው ምርጫ የለውም" የሚለው። ይህ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ ምክንያቱም እውነትነት አለው። ሰብሉ በነቀዝ ሲያልቅ ልጆቹን የሚያበላው የሌለው ሰው ዛሬን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያለውን ካንሰር አያስብም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላስብም። ነገር ግን ምርጫው እየመጣ ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ለጥጥ ገበሬዎች ከበቆሎ የሚዘጋጅ ቀላል ርጭት አስተምሯል። ርጭቱ ተባዩን አይገድልም፤ ተባዩን የሚበሉ ነፍሳትን ወደ ማሳው ይጠራል። ገበሬዎቹ መርዝ ሳይገዙ ጥሩ ጥጥ አምርተዋል። ለጎተራው ነቀዝ ደግሞ አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት አለ። እህሉ ታፍኖ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ዱቄት መነስነስ አያስፈልግም። አንድ ከረጢት የሚገዛበት ገንዘብ እኛ እዚህ ለአንድ ምሳ የምናወጣውን አያህልም።

አራተኛ፣ "ስንት ዘመን ስንነካው ኖረናል፤ ማን ሞተ?" የሚለው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው ይህ። ሰው መርዝ ጠጥቶ ያን ዕለት ቢሞት ሁሉም ያያል። ይህ ግን እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄደው ነው። ማንም የሟች የምስክር ወረቀት ላይ ዲዲቲ ብሎ አይጽፍም። ያለቀኑ የተወለደው ሕፃን "የእግዜር ፈቃድ" ይባላል፤ የጡት እብጠቷ "ምች" ይባላል። ያ ሁሉ በዲዲቲ መጣ አልልም፤ ይህን ማለት የሚችል የለም። ነገር ግን ያልተመረመረ ነገር የለም ማለት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ደግሞ ሰውነቱ ባይገባው ኪሱ የሚገባው ሰው አለና የቡናውን ነገር ላስታውስ። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከልክ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ከቀንደኛ ገዢዎቻችን አንዷ የነበረችው አገር በሯን ዘጋችብን ማለት ይቻላል። ስንት ላብ የፈሰሰበት ቡና በጆንያ ምክንያት ተመለሰ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያም በየመጋዘኑ ቆሞ የቀረ፣ ጊዜው ያለፈበት መርዝ ከሺህ ቶን በላይ ተሰብስቦ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ ተቃጥሏል። ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው በእርዳታ ስም የመጣ ነው። ለጋሽ ሰጠን ብለን ያመሰገንበትን መልሶ ለማቃጠል ሌላ ለጋሽ መለመን ነበረብን።

ይህ ሁሉ እዚህ ኖርክሮስ ያለነውን ምን ያገባናል? እጅግ ያገባናል። ከእኛ ብዙው ለወንድሙ የመስኖ ፓምፕ፣ ለአጎቱ የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻ፣ ለአማቹ የጫት ማሳ ገንዘብ ይልካል። ፓምፑን ስንገዛ ሞዴሉን እንጠይቃለን፤ ዋጋውን እንከራከራለን። ማሳው ላይ ምን እንደሚረጭ የጠየቀ ግን ስንት ነው? ማን እንደሚረጭስ? የእጅ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አለው ወይ? ባዶው ዕቃ የት ይጣላል? በመቂና በዝዋይ ዳር የሚረጨው ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በእኛ ዶላር የተገዛ መርዝ በእኛው እኅት ጡት ውስጥ ይገባል።

በሻንጣ ተጭኖ የሚመጣልን ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮም አለ። የአገር ቤት ከሆነ ንጹሕ ነው፣ የፈረንጁ ግን ኬሚካል ነው የሚለው እምነታችን ልብ ይግዛ። መርዙ ስብ ወዳድ ከሆነ ከወተቱ ይልቅ በቅቤው ይከማቻል። እኔም እንደማንኛችሁ የእናቴን ቅቤ እወዳለሁ፤ አልተውም። ነገር ግን ቅቤው ንጹሕ እንዲሆን የምንሻ ከሆነ ላሟ የምትግጠው ሣር ንጹሕ ይሁን ማለት አለብን።

እዚህም ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቋቸውን ይዘው ወደ ቻታሁቺ ወንዝና ወደ ላኒየር ሐይቅ የሚወርዱ ወገኖች አሉ። ደስ የሚል መዝናኛ ነው። የጆርጂያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የትኛው ዓሣ ከየትኛው ውሃ በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ ቢበላ እንደሚሻል መመሪያ ያወጣል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ያሉበት ቤት ይህን ሳያይ መብላት የለበትም። ትልቅና ሰባ ያለ ዓሣ ያዝን ብለን ፎቶ ከመነሣታችን በፊት ትልቁ ብዙ እንደበላ፣ ብዙም እንደተሸከመ እናስታውስ። ቆዳውንና ስቡን አውጥቶ፣ ዘይቱ እንዲንጠባጠብ አድርጎ መጥበስም ሸክሙን ይቀንሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በቅድሚያ፣ ለእርሻ ገንዘብ የሚልክ ሁሉ ከገንዘቡ ጋር ጥያቄውን ይላክ። "ምን ትረጫላችሁ?" ብሎ መጠየቅ የስልክ ካርድ አያስጨርስም። ቀጥሎ፣ የየአካባቢው ተወላጅ ማኅበሮቻችን ለትምህርት ቤት ጣራና ለጤና ጣቢያ አልጋ እንደሚያዋጡት ሁሉ፣ ለአንድ ቀበሌ የእህል ከረጢትና የአጎበር ዋጋም ያዋጡ። ጎተራው መርዝ ካላሻው እናት ዱቄት አትነሰንስም። ሦስተኛ፣ በ2010 የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ በወረቀት ላይ እንዳይቀር በአገር ቤት ያሉ ምሁራንና ጋዜጠኞች ሲጮኹ ድምፃችንን እንጨምርላቸው። የሐይቆቹ ዓሣና የእናቶች ወተት በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ በአማርኛና በኦሮምኛ ይነገር። በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ የቀረ ጥናት ለመቂ ዓሣ አስጋሪ ምን ይጠቅመዋል?

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በወባ ላይ ያለዎትን ቁጭት እጋራለሁ፤ እኔም ወባ ያንዘፈዘፈኝ ልጅ ነበርኩ። የተከራከርኩት ከእርስዎ ጋር አይደለም፤ እናቴ ሳታውቅ በራሴ ላይ ከነሰነሰችው ዱቄት ጋር ነው። እናቴ አላወቀችም፤ የሚነግራት አልነበረም። እኛ ግን ተነግሮናል። በሚቀጥለው ቡና ላይ መልስዎን እጠብቃለሁ።